ለቤተሰብ ጉዞ የመጀመሪያውን ጂፒኤስ ስንገዛ ምን እንመልከት?



የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ ልጆች «ጂፒኤስ ግዙልን፣ ጂኦካሺንግ እንሂድ» ይላሉ። ወላጅ ደግሞ ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ሳያውቅ እሺ ወይም እምቢ ለማለት ይቸገራል። እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች ቤተሰቦች አብረው እንዲራመዱ ሁልጊዜ ስለምንመክር፣ ዛሬ ይህን ጉዳይ ደረጃ በደረጃ እናስረዳለን። ቁም ነገሩ አጭር ነው፦ መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ስልክ ሞክሩ፤ መሣሪያ የምትገዙት ልጆቹ በእውነት መሄዳቸውን ካያችሁ በኋላ ይሁን።

ጂኦካሺንግ ምንድን ነው?

ሰዎች ትንንሽ ሣጥኖችን በጫካ፣ በመናፈሻ ወይም በድንጋይ ሥር ይደብቁና የቦታውን ቁጥር ያስታውቃሉ። ሌላው ቁጥሩን ይዞ ሄዶ ይፈልጋል። ሲያገኘው በሣጥኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በሣጥኑ ውስጥ መጫወቻ ካለ ልጁ ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን ተመጣጣኝ ነገር መተካት አለበት።

ጨዋታው የተጀመረው በአሜሪካ ነው። እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ሰው የሚደርሰውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት በግንቦት መጀመሪያ ማዛባቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ ወዲያው፣ ግንቦት 3 ቀን፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ሰው እንዲፈልገው ጋበዘ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በእስራኤልም በብዛት አሉ።

ለጤና ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። «ና እንራመድ» ሲባል የሚያንገራግር ልጅ፣ የሚፈልገው ነገር ካለ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳያስበው ይሄዳል። በአገር ቤት ብዙም የማናውቀው የስኳር በሽታ ዛሬ በብዙ ቤታችን ስለገባ፣ ለአያቶችም ይህ መልካም ምክንያት ነው።

በአንድ ስም የሚሸጡ ሦስት ዕቃዎች

ሱቅ ገብታችሁ «ጂፒኤስ» ብቻ ካላችሁ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊቀርቡላችሁ ይችላሉ።

1. የመኪና ጂፒኤስ። ይህ አውራ መንገድ ለመምራት የተሠራ ነው። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ለእግር ጉዞም አይመችም።

2. የልጆች መከታተያ ሰዓት። ይህ ወላጅ ልጁ የት እንዳለ እንዲያይ የተሠራ ነው። ብዙውን ጊዜ ሲም ካርድና ወርሃዊ ክፍያ አለው። ሣጥን ለመፈለግ አያገለግልም።

3. በእጅ የሚያዝ የእግር ጉዞ ጂፒኤስ። ለጂኦካሺንግ የሚሆነው ይህ ነው። ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል፤ ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ አራቱን መስማት አለበት። ምልክቱ በነፃ ነው። ሲም ካርድ አያስፈልገውም፣ ወርሃዊ ክፍያም የለውም።

ደረጃ አንድ፦ በስልክ ጀምሩ

የጂኦካሺንግ ፕሮግራም በስልክ ላይ በነፃ ይጫናል፤ መደበኛው አባልነትም ገንዘብ አይጠይቅም። የሚከፈልበት አባልነት ቢኖርም ለጀማሪ አያስፈልግም። ስልክ ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ክፍት በሆነበት ቦታ፣ ወደ 5 ሜትር በሚጠጋ ልዩነት ቦታን ያሳያል። በዛፍ ጥላ ሥርና በሕንፃዎች መካከል ግን ስህተቱ ይጨምራል።

ሻጮች ብዙውን ጊዜ የማይነግሯችሁ ነገር አለ፦ ርካሹ የእጅ ጂፒኤስ ከስልክ እጅግ የበለጠ ትክክለኛ አይደለም። በገንዘባችሁ የምትገዙት ረጅም የባትሪ ዕድሜ፣ መውደቅና ውሃ የሚችል አካል፣ እንዲሁም በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ መስታወት ነው። ስለዚህ በአካባቢያችሁ ባለ መናፈሻ ሦስት ጊዜ በስልክ ሞክሩ። ልጆቹ ለአራተኛው ጊዜ ራሳቸው ከጠየቁ፣ ያን ጊዜ ስለ መግዛት ይታሰብ።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። ለልጃቸው ኢንተርኔት ያለው ስልክ መስጠት የማይፈልጉ፣ ወይም ኮሸር ስልክ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች አሉ። ለእነርሱ የእጅ ጂፒኤስ ጥሩ መፍትሔ ነው። የሣጥኖቹን ቁጥር ወላጅ በኮምፒውተር ያስገባለታል፤ ልጁም ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል።

ደረጃ ሁለት፦ ከመግዛት በፊት አራት ነገሮችን እዩ

ባትሪ፦ በየሱቁ በሚገኘው በተለመደው የጣት ባትሪ የሚሠራውን ምረጡ። መንገድ ላይ ቢያልቅ መለወጫ በኪስ ይያዛል።

ውሃ መቋቋም፦ «አይ ፒ ኤክስ 7» የሚል ምልክት ካለው፣ በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢገባ እንዲችል ተሠርቷል ማለት ነው።

አዝራር፦ ቁልፎቹ በጣት ተጭነው የሚሠሩ ይሁኑ። ለልጅም ሆነ እጁ ለሚንቀጠቀጥ አዛውንት ከሚነካ መስታወት ይልቅ ይህ ይቀላል።

የቦታ ቁጥር አገባብ፦ በጂኦካሺንግ ቦታ የሚጻፈው በዲግሪ፣ በደቂቃና በደቂቃ ክፍልፋይ ነው። መሣሪያው በዚህ አጻጻፍ መዘጋጀቱን ሻጩ ያሳያችሁ። ወደ ሰሜን በሚለካው ቁጥር ላይ የመጨረሻዋን አንድ አኃዝ መሳት ሁለት ሜትር ያህል ያሳስታል፤ የፊተኛውን አኃዝ መሳት ግን ወደ ሌላ ከተማ ይወስዳል።

ለምሳሌ የጋርሚን ድርጅት ኢትሬክስ 10 የተባለው አሮጌ ሞዴል ጥቁርና ነጭ መስታወት ያለው ቀላል መሣሪያ ነው፤ ያገለገለ ከተገኘ ለጀማሪ ይበቃል። ኢትሬክስ ኤስ ኢ የተባለው በ2023 ሲወጣ የአሜሪካ ዋጋው 150 ዶላር ነበር። ከስልክ ጋር ይገናኛል፤ በሁለት የጣት ባትሪም ለብዙ ሰዓት ይሠራል። ባለ ቀለም ካርታና ትልቅ መስታወት ዋጋ ይጨምራሉ እንጂ ሣጥን ለማግኘት የግድ አይደሉም።

ያገለገለ ስትገዙ የባትሪውን ቤት ከፍታችሁ ዝገት እዩ። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ ውጭ፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አብርታችሁ ሳተላይት እስኪያገኝ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቤት ውስጥ ብቻ አሳይቶ «ይሠራል» የሚልን ሻጭ አትመኑ።

ደረጃ ሦስት፦ መብታችሁን እወቁ

አዲስ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ከ400 ሼቄል በላይ ከሆነ በሕግ የአንድ ዓመት ዋስትና፣ አህራዩት፣ ሊሰጠው ይገባል። የዋስትና ወረቀቱንና ደረሰኙን አንድ ላይ አስቀምጡ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ከመጡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በንግግር ወይም በጽሑፍ ምልልስ የተደረገ ከሆነ አራት ወር ጊዜ አላቸው። ሐሳባችሁን ለውጣችሁ ስትሰርዙ ሻጩ ሊቀንስ የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ብቻ ነው። አባባ ወይም እማማ በስልክ ተለምነው ውድ መሣሪያ ገዝተው ከሆነ፣ «አለፈ» ብላችሁ አትተዉት።

መሣሪያው ሲዋሽ

ጂፒኤስ ሊሳሳት ይችላል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ምልክቱ በተደጋጋሚ ታውኳል፤ በሰሜን አገር ያሉ ሰዎች ስልካቸው ቤይሩት ላይ እንዳሉ አድርጎ ሲያሳያቸው አይተናል። ልጆቻችሁ ይህን ቀላል ፈተና ይማሩ፦ በእስራኤል የሰሜኑ ቁጥር በ29 እና በ33 ዲግሪ መካከል፣ የምሥራቁ በ34 እና በ35 ይጀምራል። ከዚህ ውጭ የሆነ ቁጥር ወይም በድንገት የዘለለ ቦታ ካያችሁ መሣሪያውን ወደ ኪስ መልሱ።

ያን ጊዜ የሚያድነው ዓይን ነው። በድንጋይ ላይ የተቀባውን የመንገድ ምልክት፣ ማለትም በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል ያለውን ባለ ቀለም መስመር፣ ተከተሉ። የታተመ ካርታም ያዙ። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን መምህራን ናቸው። ከጎንደር አካባቢ ተነሥተው በእግር ሱዳን የደረሱት ተራራውን፣ ወንዙንና ኮከቡን እያዩ ነው። የፀሐይን አቅጣጫ ማየትንና የመጣንበትን ዛፍ ልብ ማለትን ለልጅ ልጆች አስተምሩልን።

ለጤናችሁ ደግሞ የሚከተሉትን አትርሱ፦

- በበጋ ማለዳ ብቻ ውጡ። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ።
- ስኳር ያለበት ሰው ጣፋጭ ነገርና መድኃኒቱን ይያዝ፣ የተዘጋ ጫማ ያድርግ፣ ሲመለስም እግሩን ይመልከት።
- ልጅ እጁን በድንጋይ ሥር አያስገባ፤ መጀመሪያ በዱላ ይንካ። እባብና ጊንጥ አለና።
- በጎላን ቢጫ የፈንጂ ምልክት ወይም አጥር ካለ፣ ሣጥኑ ከማዶ ቢሆንም እንኳ አትሻገሩ።
- የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለማዳ 101፣ ለፖሊስ 100 ይደወላል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው መውጣት ነው። በዚህ ሳምንት ገንዘብ ሳታወጡ፣ በሰፈራችሁ ቅርብ ያለውን አንድ ሣጥን በስልክ ፈልጉና ከልጆችና ከአያቶች ጋር አብራችሁ ሂዱ። ጂፒኤስ ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።