አባባ አረቄ ሊያቆሙ ነው? መጀመሪያ ሲስተሯ ጋር!

ዛሬ ስለ አረቄ ማቆም ላውራችሁ። አዎ፣ ስለ ማቆም።

ቤተሰቦቻችሁ መንዝ ወይም ግሼ ያሉ ታውቁታላችሁ፤ ደጋው ብርድ ነው፣ ገብሱ አለ፣ ጠላና አረቄም አይጠፋም። በየቀኑ አምስት ስድስት መለኪያ የሚወስድን ሰው ማንም «ሱስ አለበት» አይለውም። «ብርድ መቁረጫ ነው» ይባላል። ከዚያ አንድ ቀን ይሳላል ወይም ሁዳዴ ሲገባ «በቃኝ» ብሎ በአንድ ጊዜ ይተወዋል። ውሳኔው በጣም ጥሩ ነው፤ ሰውነቱ ግን አልተዘጋጀም።

አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። ለዓመታት በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ይህን ለማካካስ ራሱን ከመጠን በላይ ያነቃቃል። መጠጡ ድንገት ሲቀር መነቃቃቱ ብቻውን ይቀራል። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ያለበትን ቦታ አለማወቅ ሊመጣ ይችላል፤ ይሄኛው ካልታከመ ይገድላል። ቤተሰብ «ለክፎት ነው» ይልና ቀኑ ያልፋል። ጠበሉን ይጠመቁ፣ ግን ሕክምናውም አብሮ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ገጠር ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ዶክተር ላታገኙ ትችላላችሁ። የምታገኙት ሲስተር ወይም ብራዘር ነው። ሰውየው የመጣው ለጨጓራው ይሆናል። «ጋሼ፣ በቀን ስንት መለኪያ ይወስዳሉ? የመጨረሻውን መቼ ቀመሱ?» ብላ ሳትቆጣ የምትጠይቀው እሷ ናት። ያቺ ጥያቄ ካልተጠየቀች ቀጣዩ ሁሉ የለም።

ኢንተርን ሳለሁ አንድ ሌሊት እየተንቀጠቀጡ የመጡ አባት ነበሩ። እህል ከቀመሱ ቀናት ስለሆናቸው ግሉኮስ አዘዝኩ። ሲስተሯ ቀስ ብላ «ዶክተር፣ ታያሚኑስ?» አለችኝ። ብዙ የሚጠጣ ሰው ይቺ ቫይታሚን ቢ1 ታልቅበታለች፤ ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ይጨርስና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። አፈርኩ፣ ግን ተማርኩ። እስኪነጋም በየሰዓቱ እየተነሳች የልብ ምታቸውን፣ ላባቸውን፣ መንቀጥቀጣቸውን የለካችው እሷው ናት። ዲያዜፓሙ የሚጨመረውም የሚቀነሰውም በዚያ ልኬት ነው፤ ሲበዛ ትንፋሽ ያዳክማል። ስለዚህ እባካችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትላኩ።

የአእምሮ ሐኪም በአገራችን ሁሌም ጥቂት ስለሆነ አማኑኤል ሆስፒታል ነርሶችን በሥነ አእምሮ ማሠልጠን ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሆስፒታል ሄዳችሁ «የአእምሮ ሕክምና ነርስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመጠጥ የራቀን ሰው ለወራት የሚከታተለው፣ ሚስቱን የሚያማክረው፣ ቢመለስበት ሳይወቅስ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አባታችሁ ስልክ ላይ «ልተወው ነው» ካሉ «ጎሽ አባባ፣ ግን ከማቆምዎ በፊት ጤና ጣቢያ ይሂዱ» በሏቸው። በየቀኑ የሚጠጡትንም ሳይቀንሱ ይናገሩ። ካንፈራገጣቸው ወይም ከቃዡ መሐል ሜዳ ወይም ደብረ ብርሃን፣ የቀረበው ሆስፒታል፣ በዚያው ሰዓት።