የጀልባ ሞተር ውኃ ሲቀጥን

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው። በፖርት ፊሊፕ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ የማጠምድባት ትንሽ ጀልባ አለችኝ። ሰሞኑን ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ውኃ ቀጥኖ መንጠባጠብ ጀምሯል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያ ውኃ ሞተሩ እየቀዘቀዘ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ስለሆነ፣ ሲደክም ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ። የታችኛው የውኃ መሳቢያ ወንፊት ላይ የባሕር ሣር ወይም ፕላስቲክ ተለጥፎ እንደሆነ ይዩ። መውጫ ቀዳዳውንም በቀጭን የናይለን ክር ይጎርጉሩት፤ ጨውና አሸዋ ብዙ ጊዜ የሚደፍኑት እሱን ነው። ይህም ካልረዳ የፓምፑ ላስቲክ፣ ኢምፔለሩ፣ ሳያልቅ አልቀረም። ላስቲኩ ያለ ውኃ ከዞረ በፍጥነት ይበላሻልና ሞተሩን ግቢ ውስጥ በደረቁ በፍጹም አያስነሱት። ከባሕር በተመለሱ ቁጥር በንጹሕ ውኃ ይጠቡት። የሙቀት ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ግን ዳግም ሳያስነሱ ለጀልባ ሞተር መካኒክ ያሳዩት።