በባዕድ አገር የጀርመንን ቋንቋ ለመማር ስለሚደክሙ ልጆች

ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር የገባ ሰው፥ ዕድሜው የቱንም ያህል ቢሆን፥ ለጊዜው ወደ ሕፃንነት ይመለሳል። በአገሩ ሳለ በዳኛ ፊት ቆሞ የሚከራከር የነበረው ሰው፥ በዚያ ውኃ ለመጠየቅ እንኳ በእጁ ያመለክታል። ይህ ለማንም ከባድ ነው፤ ይልቁንም ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ይብሳል። ሕፃን ቢሳሳት አያፍርም፤ ሽማግሌም ቢሳሳት ሽበቱ ይከበርለታል፤ ጐልማሳ ለመሆን የተቃረበ ልጅ ግን ከዱላ ይልቅ ሳቅን ይፈራል።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከውርጌሳ ተነሥቶ፥ በጀርመን አገር ወደሚኖረው አጎቱ ዘንድ የሄደ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለምሳሌ ይታሰብ። ይህ ልጅ በመንደሩ አንደበቱ የተፈታ ነበር። እናቱ ወደ ገበያ በላከችው ጊዜ የማሽላውን ዋጋ ተከራክሮ ያስቀንሳል፤ ሽማግሌ ባየ ጊዜ ከመንገድ ፈቀቅ ብሎ «እንደምን አደሩ፥ አባባ» ይላል፤ በትምህርት ቤትም በሒሳብ ከባልንጀሮቹ ይበልጥ ነበር። በጀርመን ትምህርት ቤት ተቀምጦ ግን ሰው ሁሉ በሳቀ ጊዜ ይሥቃል፥ ሰው ሁሉ መጽሐፉን በገለጠ ጊዜ ይገልጣል፤ ለተጠየቀውም ነገር ሁሉ «ያ» ብሎ ይመልሳል፤ ይኸውም በቋንቋቸው «አዎን» ማለት ነው። መምህሩም አንድ ቀን «ይህ ሒሳብ ይከብድሃልን?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ከጥያቄው አንድ ቃል ብቻ ሰምቶ፥ መምህሩንም ደስ ለማሰኘት ወዶ «ያ» አለ። በማግሥቱ ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋራ ተቀምጦ፥ ከሦስት ዓመት በፊት በአገሩ የጨረሰውን ማካፈል እንደ ገና እንዲማር ተደረገ። ለእናቱም በስልክ «ደኅና ነኝ፥ ትምህርቱም ደኅና ነው» አላት።

እንዲህ ያለው መከራ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. የባቫርያው መስፍን ማክሲሚልያን ከግብፅና ከኑብያ ጉዞው ሲመለስ አራት አፍሪካውያን ልጆች ወደ ሙኒክ ከተማ አመጣ። ከእነርሱም አንዱ አካፈዴ የሚባል የኦሮሞ ልጅ ነበረ። ልጆቹ በገንዘብ የተገዙ ነበሩ፤ ይህ ነገር በኋላ በተደረገላቸው ደግነት ሊሸፈን አይገባም። መስፍኑ ያስተምራቸው ዘንድ ካርል ቱትሼክ ለሚባል ወጣት ሊቅ ሰጣቸው። መምህሩ የልጆቹን ቋንቋ አያውቅም፥ ልጆቹም የመምህሩን አያውቁም። ሌላ መምህር ቢሆን ድምፁን ከፍ እያደረገ ጀርመንኛውን ደጋግሞ በጮኸባቸው ነበር፤ ያልገባውን ሰው በጩኸት ለማስረዳት መሞከር በየአገሩ ያለ ስንፍና ነውና። ቱትሼክ ግን ከልጁ እግር ሥር ተቀምጦ ኦሮምኛ መማር ጀመረ። አካፈዴ ጀርመንኛ ሲማር መምህሩ ኦሮምኛ እየተማረ፥ ሁለቱም ተማሪዎች፥ ሁለቱም መምህራን ሆኑ። ቱትሼክ በ1843 ገና በ28 ዓመቱ ሞተ፤ ወንድሙ ሎሬንጽ ግን የደከመበትን ሁሉ ሰብስቦ፥ በ1844 የኦሮምኛውን መዝገበ ቃላት፥ በ1845ም ሰዋስዉን በሙኒክ አሳተመ። ከአገሩ ተሽጦ የወጣ ልጅ የእናቱን ቋንቋ በማተሚያ ቤት አስገባ።

የወሎ ሰው ከዚህ የቀደመ ሌላም ታሪክ አለው። ከመካነ ሥላሴ የተገኘው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮም ከተማ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባለው ጀርመናዊ ጋራ ተገናኘ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ አጥንቶ ነበርና ያነብባል፥ ነገር ግን ለመናገር አፉ አልተፈታም ነበር፤ ትልቁ ሊቅ በኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊት እንደ ልጅ ተንተባተበ። እርሱ ግን ዝም አላለም። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ተጠርቶ በመስፍኑ በኤርንስት ግንብ ተቀመጠ፤ በዚያም ሁለቱ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በመንገድ ሳለ መርከቡ ተሰብሮ ሞተ። ሉዶልፍ ከእርሱ የሰማውን ይዞ ቈይቶ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ባልንጀራው ከሞተ 40 ዓመት ሆኖት ነበር።

ወደ ውርጌሳው ልጅ እንመለስና፥ ለመሆኑ ጀርመንኛ ምኑ ይከብዳል? መጀመሪያ ጾታው ነው። በአማርኛ ወንድና ሴት ብቻ ሲሆኑ፥ በጀርመንኛ ግን ከወንድና ከሴት ሌላ ሦስተኛ ጾታ አለ፤ ለእያንዳንዱም ስም ከፊቱ ዴር፥ ዲ፥ ወይም ዳስ ይባልለታል። ፀሐይ እንደ እኛው ሴት ናት፤ ጨረቃ ግን ወንድ ነው፤ ልጃገረድ የሚለውም ቃል ወንድም ሴትም አይደለም። ይህን በምክንያት እገነዘባለሁ የሚል ሰው ይደክማል እንጂ አያገኝም፤ ስሙን ከነፊደሉ ከነጾታው አብሮ በቃል መያዝ ብቻ ነው። ቀጥሎም ተደራጊ ሲሆን ዴር ወደ ዴን ይለወጣል፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ «ውሻው» እና «ውሻውን» ብሎ መለየት ከእናቱ ጡት ጋራ የተማረው ነውና፥ ይህ ሊያስደነግጠው አይገባም።

የቃላቱ አሰካክም እንዲሁ ነው። አማርኛ ግሡን ሁልጊዜ ከመጨረሻ ያኖራል፤ ሰሚውም ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ ይታገሣል። ጀርመንኛ በዋናው ዐረፍተ ነገር ግሡን በሁለተኛ ስፍራ ያቆማል፤ ምክንያት በሚነገርበት ተከታይ ሐረግ ግን እንደ አማርኛ ወደ መጨረሻ ይወስደዋል። ስለዚህ የእንግሊዝ ልጅ የሚያለቅስበት ረጅም ሐረግ ለኢትዮጵያዊው ልጅ የለመደው ቤቱ ነው፤ እርሱ የሚሰናከለው አጭርና ቀላል በሚባለው ላይ ነው። በቁጥርም ጀርመኖች ሃያ አንድ ለማለት «አንድና ሃያ» ይላሉ፤ በወሎ ቁርኣን ቤት ገብቶ በዐረብኛ የቈጠረ ልጅ ይህን ዐውቆት ያድራል፤ ዐረብኛውም «ዋሒድ ወዒሽሩን» ይላልና።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የአክብሮቱ ነገር ነው። ጀርመኖች ለባልንጀራ «ዱ»፥ ለታላቅ ወይም ለማያውቁት ሰው «ዚ» ይላሉ፤ አንተና አንቱ ማለት ነው። የ«ዚ»ም ግሥ ለብዙ ሰዎች ከሚነገረው ግሥ ጋራ አንድ ነው፤ በአማርኛም «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እነርሱ ይመጣሉ» ማለት በግሡ አይለያዩም። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ አንዱን ታላቅ ሰው እንደ ብዙ ሰው አድርገው ማክበራቸው የሚያስገርም ነው።

ልጁ ይህን ያገኘው በመጽሐፍ አልነበረም። አጎቱ በሚኖርበት ቤት በደረጃው ላይ አንዲት አሮጊት ሁልጊዜ ዕቃ ተሸክማ ትወጣ ነበር። በአገሩ ልማድ ሸክሟን ተቀበላትና፥ በሰማው መጠን «ዚ» ብሎ ተናገራት። ንግግሩ ስሕተት የሞላበት ነበር፤ ዴር በሚባለው ላይ ዲ ብሎ ነበርና። አሮጊቷ አልሣቀችም፤ ትክክለኛውን ቃል ቀስ ብላ ደገመችለት፥ እርሱም ከእርስዋ በኋላ ደገመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክም በተሸከመች ቍጥር ዐሥር ዐሥር ቃል ይማር ነበር። ከአጎቱ ወዳጆች ጋራ ሙሉ ቀን አማርኛ እየተናገረ መዋሉን ቀነሰ፤ ማታ ማታ ግን ለእናቱ ደብዳቤ በአማርኛ መጻፉን አልተወም፤ አንዱን ቋንቋ ለመያዝ ሌላውን መጣል እንደማያስፈልግ የገባው በዚያ ነው። የሚጽፈውም ከእንግዲህ ወዲህ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ብቻ አልነበረም፤ ወደ ኋላ መመለሱንም ነገራት።

በአምስተኛው ወር ወደ መምህሩ ሄዶ በፊቱ ቆመ። ያዘጋጀውን ነገር ሌሊቱን ሙሉ በቃሉ ሲያጠና አድሮ ነበር፤ በተናገረው ጊዜ ግን ግሡን ከመጨረሻ አኖረው፥ ጾታውንም አሳተው። ያለው ነገር ይህ ነበር፦ «መምህር ሆይ፥ ያን ጊዜ ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ሒሳቡ አይከብደኝም።» በመምህሩ ክፍል የነበሩት ሁለት ልጆች ሣቁ። ልጁ ፊቱ ጋለ፥ ነገር ግን ከቆመበት አልተነሣም። መምህሩ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ጠመኔውን አነሣና ሰጠው።