ትምህርት 14፦ የሚቃረኑ ስሜቶች በአንድ ድርሰት ውስጥ

ባለፈው ትምህርት አንድን ሐሳብ ደግፎ ወይም ተቃውሞ ድርሰት መጻፍን ተለማምዳችኋል። በዚያ ዓይነቱ ድርሰት ጸሐፊው አንዱን ወገን ይዞ ይሟገታል። ሰው ስለሚወደው ነገር በሚጽፍበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ተሟጋች ለመሆን አይሆንለትም፤ ልቡ ለሁለት ይከፈላል። ብዙ ዘመን ተለይቶ የኖረ ዘመድ ድንገት ሲመለስ የቤቱ ሰው እልል እያለ ሆዱ የሚባባው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ቅይጥ ስሜት ሳያድበሰብሱ በጽሑፍ መግለጽ እንዴት እንደሚቻልና፣ ለዚህ የሚያገለግሉት ተጻራሪ መስተጻምሮች በዐረፍተ ነገር ውስጥ ምን እንደሚሠሩ በዚህ ትምህርት ታጠናላችሁ።

በምሳሌነት የመረጥነው ጉዳይ ከአገራችን ራቅ ያለ ነው። «ዘ ፖሊስ» የተባለው የሮክ ሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1977 ለንደን ከተማ ተመሠረተ። ስሙ ጸጥታ አስከባሪዎችን ቢያስታውስም ከእነርሱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በቡድኑ ታዋቂነት ዘመን አባላቱ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ቤዝ ጊታር እየመታ የሚዘፍነው ስቲንግ፣ ጊታር ተጫዋቹ አንዲ ሰመርስና ከበሮ መቺው ስቱዋርት ኮፕላንድ። የጃማይካን የሬጌ ስልት ከሮክ ጋር እያዋሐዱ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1983 ድረስ አምስት አልበሞች አሳተሙ። ኦገስት 18 ቀን 1983 ኒውዮርክ በሚገኘው ሺ ስታዲዮም ሲጫወቱ 70,000 ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ከዚህ በላይ የሚወጣበት ከፍታ እንደሌለና ማብቃት እንዳለበት የተሰማው በዚያ ምሽት መሆኑን ስቲንግ ቆይቶ ተናግሯል።

በእርግጥም ከ1984 በኋላ ተበታተኑ። በ1985 በአገራችን በረኀብ ለተጎዱ ወገኖች መርጃ ዌምብሌይ ስታዲዮም በተደረገው ታላቅ ኮንሰርት ላይ ስቲንግ የዘፈነው ያለ ሁለቱ ባልደረቦቹ ነበር። በ1986 ሦስቱ እንደገና አብረው ለመቅዳት ቢሞክሩም ኮፕላንድ ከፈረስ ወድቆ ከአንገቱ በታች ያለው የትከሻው አጥንት በመሰበሩ ከበሮ መምታት አልቻለም። የቆየ ዘፈን በአዲስ መልክ ከመቅዳት በቀር የተገኘ ፍሬ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል በአንድ መድረክ ላይ የታዩት እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በ2007 ግን ታረቁ። ሜይ 28 ቀን ካናዳ ውስጥ በቫንኩቨር ከተማ የጀመሩት የኮንሰርት ጉዞ ኦገስት 7 ቀን 2008 ኒውዮርክ ውስጥ አበቃ። በዚህ ጊዜ ውስጥ 150 ያህል ኮንሰርቶች አሳዩ፤ ገቢውም ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ተናጋሪው ለትምህርቱ ሲባል የተፈጠረ ሰው ነው፤ ስለ ቡድኑ የሚጠቅሳቸው ቀኖችና ሁኔታዎች ግን እውነተኛ ናቸው።

«በ1983 ሺ ስታዲዮም ስገባ የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መድረኩ ሩቅ ስለ ነበር ሦስቱ ሰዎች ከጣት አይበልጡም፤ ድምፃቸው ግን ደረቴን ይመታው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ። ተቆጣሁ። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን መለያየታቸውን ወደድኩት፤ የማያረጅ ነገር ነበረኝና። ሸክላቸውን ባዞርኩ ቁጥር እነርሱም እኔም ያው ነበርን።

«ተመልሰው እንደሚጫወቱ ስሰማ ከደስታው በፊት ቅሬታው መጣ። አዲስ አልበም አላዘጋጁም። የገዛ ትዝታችንን ሊሸጡልን ነው እንጂ ሙዚቃ ሊያሰሙን አይደለም ብዬ አማኋቸው። ትኬቱ ውድ ነበር። ገዛሁት። በመጨረሻው ምሽት ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ገብቼ ተቀመጥኩ።

«በ1983 ሦስት ሴቶች ከኋላ ሆነው በድምፅ ያጅቧቸው ነበር። አሁን ከኋላ ሆኖ በድምፅ የሚያጅባቸው የለም። ጊታር ተጫዋቹ 65 ዓመት ሆኖታል። አንዳንዱን ዘፈን ከማውቀው ዘግየት አድርገው ሲጫወቱት ከፋኝ። ዳሩ ግን በልጅነቴ ያልሰማሁትን ነገር በዚያ ዝግታ ውስጥ ሰማሁ፤ በጊታሩና በከበሮው መካከል የሚተውትን ክፍት ቦታ። ድሮ የሞላው በእኔ ጩኸት ነበር ማለት ነው። እጄ እስኪግል አጨበጨብኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሸክላዎቹን ለማዞር አልደፈርኩም፤ ሳልነካቸው ሁለት ወር ቆዩ።»

አሁን ደግሞ ጸሐፊው ያላደረገውን ነገር አስተውሉ። «በአንድ በኩል ደስ ይላል፤ በሌላ በኩል ያሳዝናል» አላለም። ይህ አነጋገር በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ እንደ ጨው ይነሰነሳል፤ መምህራንም ሲያርሙ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበታል። ስሕተት ስለ ሆነ አይደለም፤ ለሁለቱም ስሜት ግማሽ ግማሽ ስለሚያካፍል ነው። ቅይጥ ስሜት ግን ግማሽ ደስታና ግማሽ ኀዘን አይደለም። ሰውየው የተቆጣው በሙሉ ልቡ ነው፤ ያጨበጨበውም በሙሉ ልቡ ነው። ሁለቱንም ሳያሳንስ የጻፈው የስሜቱን ስም በመደርደር ሳይሆን ያየውንና ያደረገውን በመንገር መሆኑን ተመልከቱ። ሸክላዎቹ ሁለት ወር ሳይነኩ መቆየታቸው «ቅር ብሎኛል» ከሚለው ቃል ይልቅ ይናገራል።

ወደ ሰዋስዉ እንግባ። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ዘፈኑ ቢዘገይም ደስ አለኝ።
ደስ ቢለኝም ዘፈኑ ዘግይቷል።

ጉዳዩ አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ተገልብጧል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቆማል፤ በአንባቢው ጆሮ የሚቀረውም እርሱ ነው። «ቢ...ም» የተጨመረበት ግሥ ጥገኛ ሆኖ ከፊት ስለሚመጣ «ይህን አምናለሁ፤ ነገር ግን ዋናው እርሱ አይደለም» የማለት ያህል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ረክቶ የወጣ አድናቂ ሲሆን፣ ሁለተኛውን የጻፈው ቅር ብሎት የወጣ ነው። ከዚህ የተነሣ «ቢ...ም» ስትጠቀሙ ሳታውቁት ትፈርዳላችሁ። ከመጻፋችሁ በፊት የትኛው ስሜት በማሰሪያው ቦታ እንዲቀመጥ እንደምትፈልጉ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ካልተገኘ ገና ልትጽፉ አልደረሳችሁም፤ ወይም ደግሞ ሌላ መስተጻምር ያስፈልጋችኋል።

«ዘፈኑ ዘገየ፤ ግን ደስ አለኝ» ብንል ሁለቱም ግሦች ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ። አንዱ ሌላውን አያስጠጋም፣ ጥገኛም አያደርገውም። «ሆኖም»፣ «ዳሩ ግን» እና «ይሁን እንጂ» የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ «ግን» ቦታውን ሲለውጥ ሥራውም እንደሚለወጥ ልብ በሉ። በምንባቡ ውስጥ «ድምፃቸው ግን ደረቴን ይመታው ነበር» ይላል። እዚህ ላይ «ግን» ከስም ቀጥሎ ስለ ገባ ድምፁን ከሌላው ነገር ሁሉ ነጥሎ ያወጣዋል፤ የቀረው ነገር ትንሽና ሩቅ እንደ ነበር ያስረዳል። እንደዚሁም አንድ አድናቂ «ድምፁ ግን አላረጀም» ካለ፣ ሌላው ነገር ማርጀቱን ሳይናገር ተናግሯል። ይህች ትንሽ ቃል በትክክል ከገባች አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ታስቀራለች።

«እንጂ» ብቻውን ሲመጣ ከእነዚህ የተለየ ነው። «የገዛ ትዝታችንን ሊሸጡልን ነው እንጂ ሙዚቃ ሊያሰሙን አይደለም» በሚለው ውስጥ አንዱ ሐሳብ ጸድቆ ሌላው ተጥሏል፤ አብረው ሊኖሩ አይችሉም። ስለዚህ «እንጂ» የቅይጥ ስሜት መስተጻምር አይደለም፤ የቁጣ ነው። ጸሐፊው የተጠቀመበት ገና ሳያይ ባማበት ጊዜ እንጂ ከኮንሰርቱ በኋላ አለመሆኑን ተመልከቱ። ገንዘብና ሙዚቃ አብረው ሊመጡ እንደሚችሉ ያኔ አልገባውም ነበር። «ደስም አለኝ፤ ቅርም አለኝ» እንደሚባለው «ም»ን በሁለቱም ላይ መጨመር ደግሞ ሁለቱን ስሜቶች ያለ ፍርድ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንድ ጊዜ ሲነገር ያምራል፤ ሲደጋገም ስንፍና ይሆናል።

የሚወዱትን ነገር መንቀፍ ክዳት የሚመስላችሁ ካላችሁ የከበሮ መቺውን የኮፕላንድን ነገር እንንገራችሁ። ጉዞው በተጀመረ በቀናት ውስጥ፣ ከቫንኩቨሩ ሁለተኛ ኮንሰርት በኋላ፣ ማንም ተቺ ያልደፈረውን ነቀፋ የሰነዘረው እርሱ ነው። አጀማመራቸው እንዴት እንደ ተበላሸ፣ የት የት ላይ እንዳልተገጣጠሙ፣ የራሱንም የባልደረቦቹንም ስሕተት ሳይደብቅ እየሳቀ ጽፎ ለሕዝብ አወጣው። ጋዜጦች ጠቡ አገረሸ ብለው ተቀባበሉት። እርሱ ግን ከበሮውን ይዞ እስከ መጨረሻው ምሽት ዘለቀ።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። ሌድ ዜፕሊን የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ከበሮ መቺው ጆን ቦንሃም በ1980 ከሞተ በኋላ ተበተነ። ዲሴምበር 10 ቀን 2007 የሟቹን ልጅ ጄሰንን በአባቱ ቦታ አስቀምጠው ለንደን ውስጥ ለአንድ ምሽት ብቻ ተጫወቱ፤ አዘጋጆቹ እንደ ገለጹት 20 ሚሊዮን ያህል የትኬት ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ጉዞ ግን አልተከተለም፤ ዘፋኙ ሮበርት ፕላንት አልፈለገም። የዚህ ቡድን አድናቂ ቅሬታ ከፖሊሱ አድናቂ ቅሬታ ተቃራኒ ነው፤ አንደኛው በዛብኝ ሲል ሌላው አነሰኝ ይላል። ትዝታው ሳይነካ የቀረለት ግን ይህኛው ነው።

መልመጃ

1. «ትኬቱ ውድ ነበር። ገዛሁት።» በምንባቡ ውስጥ እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ያለ መስተጻምር ተቀምጠዋል። መጀመሪያ በ«ቢ...ም»፣ ቀጥሎም በ«ሆኖም» አያይዛችሁ ጻፏቸው። ከዚያም ሦስቱን እያነበባችሁ የሰውየው ሁኔታ በየትኛው ይበልጥ እንደሚታይ በቃል ተከራከሩበት።

2. ሌድ ዜፕሊንን ለማየት ትኬት ጠይቆ ያላገኘ ሰው ሆናችሁ አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «እንጂ»ን ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሙ።

3. ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሶ ስላያችሁት ነገር ወይም ሰው አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ። የቀድሞ ሰፈራችሁ፣ ተዛውሮ የመጣ መምህር፣ ወይም ጫማውን ከሰቀለ በኋላ እንደገና የተሰለፈ ተጫዋች ሊሆን ይችላል። «ደስታ»፣ «ኀዘን» እና «ቅሬታ» የሚሉትን ቃላት ሳትጽፉ ሦስቱንም ለማሳየት ሞክሩ። ስትጨርሱ የመጨረሻውን ማሰሪያ አንቀጽ አስምሩበትና፣ የፈለጋችሁት እርሱን መሆኑን ለአጠገባችሁ ተማሪ አስረዱ።