በቢትኮይን ቦርሳ ውስጥ ምን አለ?

ባለፈው ዓመት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሯችን መጥቶ ነበር። በትርፍ ጊዜው ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች የግራፊክስ ሥራ እየሠራ ክፍያውን በቢትኮይን ይቀበላል። አንድ ምሽት ታክሲ ውስጥ ስልኩ ተሰረቀ። በማግስቱ ከጓደኛው ስልክ ተውሶ ሲመለከት ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመው ገንዘብ ወደማያውቀው አድራሻ ተዛውሯል። «የገባበት አድራሻ ይኸው ይታያል፤ የተላለፈበት ሰዓት ሳይቀር ይታያል። ታዲያ ለማን ደውዬ ነው የማሳግደው?» ሲል ጠየቀን። ለማንም መደወል እንደማይቻል ስንነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ክሪፕቶከረንሲ በየካፌውና በየመኝታ ክፍሉ ብዙ ይባላል። «ገንዘቤ ስልኬ ውስጥ ነው»፣ «ብዙ የሚልክ ብዙ ኮሚሽን ይከፍላል»፣ «ቃላቱን አቀላቅዬ ስለጻፍኳቸው ማንም አያገኛቸውም» የሚሉ አስተያየቶችን እኛም በተደጋጋሚ ሰምተናል። አብዛኞቹን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ባልበለጠ ሒሳብ መመርመር ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ቢትኮይንን እንደ ምሳሌ ወስደን ይህንኑ ለማድረግ እንሞክራለን።

ቦርሳ ወይስ የቁልፍ መያዣ?

ቢትኮይን ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም በጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ጽሑፍ ለዓለም ተዋወቀ፤ ሥራውን የጀመረው በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ነው። በመሠረቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ዓይነት ቅጂ የሚቀመጥ የሒሳብ መዝገብ ነው። መዝገቡ የትኛው አድራሻ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለው ይናገራል፤ የአድራሻው ባለቤት ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ስልካችን ላይ ያለው «ቦርሳ» የተባለው ፕሮግራም አንድም ሳንቲም አልያዘም። ገንዘቡ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። ቦርሳው የሚይዘው ቁልፍ ብቻ ነው። (ስያሜው ራሱ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ የቁልፍ መያዣ ቢባል ኖሮ ይሻል ነበር እንላለን።)

ቁልፉ ደግሞ ቁጥር ነው። የግል ቁልፍ የሚባለው እስከ 78 አሃዝ የሚደርስ፣ በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር ሲሆን ከእርሱ በኤሊፕቲክ ከርቭ ሒሳብ አማካይነት ይፋዊ ቁልፍ ይሰላል፤ ከይፋዊው ቁልፍም አድራሻው ይገኛል። ስሌቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው። ጤፍ ፈጭቶ ዱቄት ማድረግ ለወፍጮ ቀላል ነው፤ ዱቄቱን መልሶ ጤፍ የሚያደርግ ወፍጮ ግን የለም። የግል ቁልፉ ያለው ሰው ይፋዊውን በቅጽበት ያሰላል፤ ይፋዊውን ያየ ሰው ግን ወደ ግል ቁልፉ የሚመለስበት ተግባራዊ መንገድ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ገንዘብ ማስተላለፍ ማለት «ከዚህ አድራሻ ወደዚያ ይሂድ» የሚል መልእክት ጽፎ በግል ቁልፍ መፈረም ነው። የመረቡ ኮምፒውተሮች ፊርማው ከይፋዊው ቁልፍ ጋር መስማማቱን ያረጋግጣሉ። የፈራሚውን ማንነት የሚጠይቅ የለም። ለሌባውም ለባለቤቱም መረቡ እኩል ይታዘዛል፤ የተማሪያችን ችግር እዚህ ላይ ነበር። ባንክ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡን የሚያግድለት ሠራተኛ ይኖር ነበር። ቢትኮይን ግን ይህን ሠራተኛ ሆን ብሎ ያስቀረ ሥርዓት ነው። ይህን እንደ ነፃነት የሚያወድሱት አሉ። ትክክል ናቸው፤ ዋጋው ግን ይኸው ነው።

አሥራ ሁለቱ ቃላት

78 አሃዝ ያለው ቁጥር ለመጻፍም ለማንበብም አያመችም። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ዘዴ ቀረበ። 2,048 ቃላት የያዘ ቋሚ ዝርዝር ተዘጋጀ፤ ቦርሳው ሲከፈት ከዝርዝሩ 12 ወይም 24 ቃላት በቅደም ተከተል ለባለቤቱ ይሰጣል። ከእነዚህ ቃላት ሁሉም ቁልፎች ይሰላሉ። ቃላቱ ያሉት ሰው ስልኩ ቢጠፋበት፣ ቢሰበርበት፣ በሌላ ስልክ ላይ ገንዘቡን መልሶ ያገኛል። የእኛ ተማሪ ቃላቱን ፎቶ አንስቶ እዚያው ስልኩ ላይ አስቀምጧቸው ነበር። ፓስወርዱ ረጅም እንደነበረ በኩራት ነግሮናል፤ ለቃላቱ ግን ፓስወርዱ ምናቸውም አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 2,048 ማለት 2 በራሱ 11 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል 11 ቢት ይይዛል። 12 ቃላት 132 ቢት ይሆናሉ። ከእነዚህ 128ቱ በዘፈቀደ የተገኙ ሲሆኑ የቀሩት 4 ቢቶች ስህተት ለመቆጣጠር ከ128ቱ የተሰሉ ናቸው። በዚህም ምክንያት 12 ቃላትን እንዲሁ በግምት ብንደረድር ከ16 ድርድሮች ትክክለኛ የሚሆነው በአማካይ አንዱ ብቻ ነው።

128 ቢት ማለት 39 አሃዝ ያለው የዕድሎች ብዛት ነው። በሰከንድ 1 ትሪሊዮን ግምት የሚሞክር ማሽን አለን ብለን እናስብ። ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ ወደ 10 ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። በአጭሩ ሙሉውን በግምት ማግኘት የማይታሰብ ነው።

ቃላቱን «በብልሃት» ለመደበቅ ስንሞክር ግን ይህ ጥንካሬ በፍጥነት ይናዳል። ቅደም ተከተላቸውን አቀላቅሎ የጻፈ ሰውን እንውሰድ። 12 የተለያዩ ቃላት በ479,001,600 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። የስህተት መቆጣጠሪያው ከ16 አንዱን ብቻ ስለሚያሳልፍ ሌባው በቁም ነገር መመርመር ያለበት 30 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ይህ ለአንድ ተራ ኮምፒውተር ትልቅ ሥራ አይደለም። ሁለት ቃላትን ብቻ በቃሉ ይዞ አሥሩን የጻፈ ሰው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ 2,048 በ2,048 ተባዝቶ ለ16 ሲካፈል 262,144 ይመጣል።

ብዙዎች ብልህ ብለው የሚያምኑት ሌላው መንገድ ቃላቱን ለሁለት ከፍሎ ስድስቱን ለእኅት፣ ስድስቱን ለወንድም መስጠት ነው። ግማሹን ያገኘ ሰው ግማሽ ሥራ ይቀረዋል ብለን እንገምታለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የጎደሉት ስድስት ቃላት 66 ቢት ናቸው፤ 4ቱ የመቆጣጠሪያ ቢቶች ሲቀነሱ 62 ይቀራሉ። ያ ምናባዊ ማሽናችን 62 ቢትን በ53 ቀናት ይጨርሳል! ከ10 ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት ወደ 53 ቀን መውረድ ማለት ነው። በእውኑ ዓለም እያንዳንዱ ሙከራ ሆን ተብሎ አዝጋሚ እንዲሆን ስለተደረገ ሌባው ይህን ፍጥነት አያገኝም፤ ዝምድናው ግን ያው ነው። የቢት ቁጥር በግማሽ ሲቀነስ የዕድሎች ብዛት በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ካሬ ሥሩ ገደማ ይወርዳል።

ዘፈቀደነት ራሱም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ በሰፊው የሚታወቅ የቦርሳ መሣሪያ ቃላቱን የሚያመነጨው ከ32 ቢት መነሻ መሆኑ ተደረሰበት። ውጤቱ ሲታይ ሙሉ ጥንካሬ ያለው ይመስላል፤ ከጀርባው ግን 4.3 ቢሊዮን ዕድሎች ብቻ ነበሩ። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን የሚሞክር ኮምፒውተር በ72 ደቂቃ ይጨርሳቸዋል። ብዙ ሰዎች ምንም ሳያጠፉ ገንዘባቸውን አጡ። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ.፣ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ተመሳሳይ ጉድለት ታይቶ ነበር። ለእያንዳንዱ ፊርማ አዲስ መሆን የሚገባው ምስጢራዊ ቁጥር አልፎ አልፎ ይደገም ነበር። በአንድ ቁልፍና በአንድ ምስጢራዊ ቁጥር ሁለት መልእክቶች ከተፈረሙ ደግሞ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉባቸው ሁለት ኢኩዌሽኖች ይገኛሉ፤ እነዚህን መፍታት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሥራ ነው።

የማስተላለፊያ ክፍያ በምን ይለካል?

በብር ማስተላለፍ የለመደ ሰው ብዙ ሲልክ ብዙ እንደሚከፍል ይጠብቃል። በቢትኮይን መዝገብ ላይ ግን ክፍያው ከገንዘቡ መጠን ጋር አይያያዝም። የሚለካው መልእክቱ በሚይዘው ቦታ ነው። ፖስታ ቤት ውድ ዕንቁም ሆነ ጠጠር ብንልክ የሚመዝነው ጥቅሉን እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

መዝገቡ በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ገጽ ይጨመርለታል፤ ገጹም ብሎክ ይባላል። የአንድ ብሎክ ስፋት የተወሰነ ነው፤ በመረቡ የክፍያ መለኪያ 1 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። አንድ ቀላል ማስተላለፊያ 141 ባይት ገደማ ስለሚወስድ በአንድ ብሎክ ቢበዛ 7,000 ያህል ይገባሉ፤ በተግባር ከዚህ ያንሳል። ቦታው ከፈላጊው ሲያንስ የተሻለ የከፈለ ይቀድማል። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ለብሎክ ሠሪዎች የሚሰጠው ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን በተቀነሰበት ሰሞን የአንድ ማስተላለፊያ አማካይ ክፍያ ከ100 ዶላር በላይ የደረሰበት ቀን ነበር። በዚያ ቀን 50 ዶላር ለመላክ የፈለገ ሰው ቢታገሥ ይሻለው ነበር።

እዚህ ላይ ለተማሪያችን ዓይነት ሰው የሚጠቅም ነገር አለ። አንድ ሰው 200 ብር በአንድ ኖት ይይዛል እንበል፤ ሌላው በ200 ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች ይይዛል። ዋጋው እኩል ቢሆንም ክብደቱ እኩል አይደለም። ቢትኮይንም እንደዚሁ ነው። በ20 ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ የገባ ገንዘብ ሲወጣ 20 ፊርማ ይጠይቃል፤ መልእክቱም ከ141 ወደ 1,430 ባይት ገደማ ያድጋል። ክፍያው በባይት 10 ሳቶሺ ቢሆን (ሳቶሺ የቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ ነው) የመጀመሪያው ሰው 1,410፣ ሁለተኛው 14,300 ሳቶሺ ይከፍላል። ትንሽ ትንሽ የሚቀበል ሰው መረቡ ጸጥ ባለ ጊዜ የተበታተነውን ወደ አንድ ቢያጠቃልል አይጎዳም።

ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን

ይህን ሁሉ ጣጣ ላለመሸከም ብዙ ሰው ገንዘቡን በመገበያያ ድርጅቶች ዘንድ ያስቀምጣል። ያኔ የግል ቁልፉ የድርጅቱ ነው፤ ለእኛ የሚደርሰን በድርጅቱ መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ የነበረው ማውንት ጎክስ 850,000 ያህል ቢትኮይን እንደጠፋበት ገልጦ ከሰረ፤ ከዚያ ውስጥ 200,000 ያህሉ በኋላ ተገኘ። በካናዳ የኳድሪጋ መሥራች በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ሲሞት ቁልፎቹን የሚያውቀው እርሱ ብቻ እንደነበር ተነገረ፤ የኦንታሪዮ የሴኩሪቲስ ኮሚሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ሲመረምር ግን የደንበኞቹ ገንዘብ በአብዛኛው ቀድሞውኑ በመሥራቹ ማጭበርበር ጠፍቶ ተገኘ። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤፍ ቲ ኤክስ ወደቀ፤ መሥራቹም በ2024 እ.ኤ.አ. 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ድርጅቶቹ የሚጠይቁት ኮሚሽን ደግሞ ከመዝገቡ ክፍያ የተለየ ነው፤ በመቶኛ ይሰላል። ለአንድ ግዢ 0.1 በመቶ፣ ለሽያጭም 0.1 በመቶ የሚከፍል ሰው ምንም የማይከፍል ያህል ይሰማዋል። ይህ ሰው በቀን አንድ ጊዜ እየገዛና እየሸጠ 100 ቀን ቢቆይ፣ ዋጋውም ምንም ባይንቀሳቀስ፣ 1,000 ዶላሩ 819 ዶላር ይሆናል። 0.998ን በራሱ 100 ጊዜ አባዝቶ ማየት ይቻላል።

ዋጋው ደግሞ መንቀሳቀሱ አይቀርም። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. አንድ ቢትኮይን ወደ 69,000 ዶላር ደርሶ በዓመቱ ከ16,000 በታች ወርዷል። ያኔ «77 በመቶ ከወረደ 77 በመቶ ሲጨምር ይመለሳል» ያለን ሰው ነበር። አይመለስም፤ ከአራት እጥፍ በላይ ማደግ አለበት። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ዋጋ ተመልሷል፤ ነገር ግን በመሐል ገንዘቡን ለቤት ኪራይ የፈለገ ሰው እስከዚያ መጠበቅ አይችልም።

በአገራችን ጉዳዩ ሕግም አለበት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ገንዘብ ብር መሆኑን አስታውሶ ያለ ፈቃድ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጿል። በሌላ በኩል ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመርቱ ድርጅቶች ኃይል ሸጧል። ተማሪዎች ይህን እንደ ተቃርኖ እያነሡ ይከራከሩናል። ለሚከስር ተማሪ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የተሰረቀበትን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያስረዳው የራሱን ሥራ ይሆናል።

ለአንባቢያን የቀረበ ጥያቄ

አንድ ሰው 24 ቃላቱን በሦስት ካርዶች ላይ ጻፈ። እያንዳንዱ ካርድ 16 ቃላት ከነተራ ቁጥራቸው ይዟል፤ የትኞቹም ሁለት ካርዶች ሲገጣጠሙ 24ቱ ይሟላሉ። 24 ቃላት 256 ቢት ዘፈቀደና 8 ቢት መቆጣጠሪያ እንዳላቸው በማስታወስ፣ አንዱን ካርድ ብቻ ያገኘ ሌባ ስንት ዕድሎች እንደሚቀሩት አስሉ። ምናባዊው ማሽናችን ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ውጤቱን በጽሑፉ ውስጥ ከተጠቀሰው የእኅትና የወንድም ክፍፍል ጋር አነጻጽሩ።