የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት መቼና እንዴት ይቀየር? ጭነት ለሚሸከሙ ፒካፖች የሚሆን አሠራር

የሞተር ዘይት ቀጠሮ አለው፤ ሾፌሩም ባለንብረቱም ኪሎ ሜትሩን ቆጥረው ጋራዥ ይገባሉ። ካምቢዮው፣ ትራንስፈሩና ሁለቱ ዲፈረንሻሎች ግን ካላንጠባጠቡ ወይም ካልጮኹ የሚያስታውሳቸው የለም። ዳሽቦርድ ላይ ስለ እነሱ የሚናገር መብራት የለም፤ ዘይታቸውም እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አይጎድልም። ይሁንና አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የሞተር ዘይት በፊልትሮ እየተጣራ ይዞራል፤ በማንዋል ካምቢዮና በዲፈረንሻል ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊልትሮ የሚባል ነገር የለም። ከጥርሶቹና ከኩሽኔታዎቹ የተፋቀው ብረት ጥቂቱ በማግኔት ይያዛል፤ የቀረው ከዘይቱ ጋር እየዞረ ጤነኛውን ክፍል ይፍቃል። ከዚያ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ዘይቱን ማፍሰስ። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። የእኔ አቋም ኪሎ ሜትር ብቻውን ይህን አይመልስም፤ የሚመልሰው መኪናው የሠራው ሥራና ከውስጡ የወጣው ዘይት ራሱ ነው።

ሥራው ለምን ከርቀቱ ይበልጣል? በኋላ ዲፈረንሻል ውስጥ ፒኞኑ ከክራውኑ መሃል ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሶቹ መንከባለል ብቻ ሳይሆን ከባድ ጫና ተሸክመው እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚከላከሉት በዘይቱ ውስጥ ያሉ የድኝና የፎስፈረስ ቅመሞች ናቸው፤ እነሱም በሙቀትና በውሃ እያለቁ ይሄዳሉ። ዘይት በሙቀት የሚያረጅበት ፍጥነት በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል የሚለው የኬሚስቶች ግምታዊ ሕግ እዚህም ይሠራል። ሙሉ ጭነት የያዘ ፒካፕ ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በዝቅተኛ ማርሽ ይገፋል። ጉልበቱ ከፍተኛ ነው፣ የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ደግሞ ትንሽ። ባዶውን በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሮጠው ፒካፕ ያን ያህል ኪሎ ሜትር ቢሄድም የሁለቱ ዘይት አንድ ዕድሜ የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ መፍቻ ማንሳት ሳይሆን የመኪናውን መጽሐፍ መክፈት ነው። ብዙ አምራቾች የጥገና ሰንጠረዡን በሁለት ይከፍሉታል፤ ለመደበኛና ለከባድ አገልግሎት። አቧራ፣ ጭቃ፣ ተጎታች፣ ሙሉ ጭነትና ኮረኮንች መንገድ ከባድ ከሚባለው ወገን ናቸው። በክፍለ ሀገር የሚሠራ ሃይሉክስ፣ ዲማክስ ወይም ላንድክሩዘር 79 ከእነዚህ ስንቱን እንደሚያሟላ ባለቤቱ ያውቃል፤ ስለዚህ መደበኛውን ሰንጠረዥ ይለፉት። መጽሐፉ ከሌለ የምመክረው እንዲህ ነው። አዲስ መኪና ወይም አዲስ የተገጠመ ክራውንና ፒኞን ከሆነ የመጀመሪያው የዲፈረንሻል ዘይት ከ10,000 ኪሎ ሜትር በፊት ይውጣ፤ አዲስ ጥርስ እስኪላመድ ብዙ ብረት ይጥላልና። ከዚያ በኋላ የከተማና የአስፋልት ሥራ ላለው በየ40,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ ለጫኝና ለተራራ ሠራተኛ የኋላውን በየ20,000 ይቀይሩ። ማንዋል ካምቢዮና ትራንስፈር 40,000 ይበቃቸዋል። የፊት ዲፈረንሻል፣ ባለአራት ጎማ ጉልበት ብዙም የማይጠቀም ሰው ከሆነ፣ ከሥራ ይልቅ በእርጥበት ስለሚጎዳ በጊዜ ይቆጠር።

ውሃ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይኮማተራል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ወይም ውሃ ውስጥ ከገባ፣ ውሃው በእሱ ወይም በአክስሉ ኦይል ሲል በኩል ይሳባል። በክረምት ውሃው አክስሉን ያለፈበት ፒካፕ በዚያው ሳምንት ዘይቱ መታየት አለበት። ቡና በወተት የመሰለ ከሆነ ትናንት የተቀየረም ቢሆን ይፈሳል፤ መተንፈሻውም ይጸዳል።

ዘይቱን ሲመርጡ ሁለት ነገር ይዩ፤ ውፍረቱንና ደረጃውን። ለዲፈረንሻል የተለመደው ጂኤል-5 ሲሆን ውፍረቱ እንደ መኪናው 75 ደብልዩ 90፣ 80 ደብልዩ 90 ወይም 85 ደብልዩ 140 ይሆናል። ለማንዋል ካምቢዮ ግን ጂኤል-4 የሚጠይቁ አሉ፤ የጂኤል-5 ጠንካራ ቅመም የነሐስ ሲንክሮናይዘሮችን ሊጎዳና ማርሹን ሊያከብድ ይችላል። ስለዚህ “የተሻለው ለሁሉም ይሁን” የሚለው ልማድ ስህተት ነው። መንሸራተት የሚገድብ ዲፈረንሻል ያለው መኪና ደግሞ ለእሱ የተዘጋጀ ዘይት ይፈልጋል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ መኪናውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ዘይቱ ሞቅ ይበል፤ እጅ እስኪያቃጥል ግን አይደለም። ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ጎማዎቹ ሥር መቆሚያ ያድርጉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይግቡ። የቡሎኖቹን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ቡሎን ይፍቱ። ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ይመስላል፤ ግን ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የዛገው የመሙያ ቡሎን እምቢ ካለ መኪናው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ እዚያው ይቀራል። ከዚያ የማፍሰሻውን ከፍተው ነጠብጣቡ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ማግኔቱን ይጥረጉ፣ ጓርኒሲዮኑን በአዲስ ይተኩ፣ ቡሎኑን ይሰሩ፤ አዲሱን ዘይት በመሙያው ቀዳዳ ከንፈር መፍሰስ እስኪጀምር ይጨምሩ። መኪናው ካዘነበለ ይህ መለኪያ ይዋሻል።

ከሁሉም በላይ ትርጉም ያለው ደቂቃ ማግኔቱ የሚታይበት ነው። በጣት ሲታሽ የሚልም ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ መፋቅ ነው። ጣት ላይ የሚቆረቁር ፍንጥርጣሪ ወይም የጥርስ ስባሪ ከታየ ዘይት መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ዲፈረንሻሉ ይከፈት። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው የሚቀጥለውን ቀጠሮ በግማሽ ያሳጥሩ፤ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ያስረዝሙ። የካምቢዮው ዘይት ጎድሎ የትራንስፈሩ ሲከፈት ተርፎ ከፈሰሰ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ኦይል ሲል ማርጀቱን ይጠርጥሩ። በላንድክሩዘር 79 ደግሞ የፊት ጎማ መታጠፊያ ላይ ግራሶው ቀጥኖ ከወረደ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደዚያ እየሾለከ ነው።

“አውቶማቲክ ካምቢዮ ዕድሜ ልክ የማይቀየር ዘይት ነው ያለው” የሚሉ አሉ። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን መጠየቅ ይገባል፤ 300,000 ኪሎ ሜትር እንዲሠራ የሚጠበቅ መኪና ባለቤት የሚፈልገው ዕድሜ ከዋስትናው ጊዜ ይረዝማል። ለጫኝ ፒካፕ በየ60,000 መቀየርን እመርጣለሁ። “የቆየ አውቶማቲክ ዘይቱ ሲቀየር ይሞታል” የሚለው ተቃውሞ ግን ከፊል እውነት አለው፤ ፍሪሲዮኖቹ ያለቁበት ካምቢዮ አዲስ ዘይት አያድነውም፣ ብዙ ጊዜም የተወቀሰው ዘይት ሳይሆን የዘገየው ውሳኔ ነው። መንሸራተት ያልጀመረ ከሆነ በማሽን ግፊት ከማጠብ ይልቅ አፍስሶ መሙላትን ይምረጡ፤ በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ብዙ ዘይት ስለሚቀር ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ይድገሙት። መጠኑም ሞተሩ እየሠራ፣ መጽሐፉ ባዘዘው የዘይት ሙቀት ይለካል።

ዋጋው ይከብዳል ለሚል ሰው፣ የአንድ ዲፈረንሻል ዘይት ጥቂት ሊትር ነው። ክራውንና ፒኞን ግን ከዕቃው ዋጋ በላይ ልኩን በሽም አስተካክሎ የጥርሱን አነካክ የሚያነብ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ያ ባለሙያ በየከተማው የለም። ጩኸት እስኪሰማ መጠበቅም አያዋጣም፤ ጩኸቱ የሚመጣው የጥርሱ ገጽ ከተቆራረሰ በኋላ ነው።

ከተቀየረ በኋላ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ዓይነትና ማግኔቱ ላይ የታየውን ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ይጻፉ። አሮጌውን ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ይዘው ለሚሰበስብ ጋራዥ ያስረክቡ፤ ቦይ ውስጥ አይድፉት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለቱንም ቡሎኖች በጨርቅ ጠርገው ይዩ፤ ርጥበት ካለ ጓርኒሲዮኑ አልያዘም ማለት ነው።