ውጅግራ ያልፈለገው ቁንጥጫ

ጥያቄ፦ አያቴ የውጅግራ ቀለህ ባሩድ እየሞሉ መልሰው ይተኩሱ ነበር ይባላል፤ እርሳሱንም በእጅ ገፍተው ነው የሚያስገቡት። ለዊንቸስተር ግን የቀለሁን አፍ ይቆነጥጡታል ሲሉ ሰማሁ። ለምን?
አንባቢ፣ ከቆቦ

መልስ፦ ልዩነቱ ካዝናው ላይ ነው። ውጅግራ፣ እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ካዝና የለውም፤ አንድ ይጎርሳል፣ አንድ ይተኩሳል። የቀረው ጥይት ዝናር ላይ ስለሆነ እርሳሱን የሚገፋው ነገር የለም። ጥቁሩ ባሩድም ቀለሁን ስለሚሞላ እርሳሱ ከሥሩ ድጋፍ አለው። አያትዎ ሳይቆነጥጡ መተዋቸው ስህተት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. የ1894ቱ ዊንቸስተር፣ ከቃታው ሥር ባለው እጀታ የሚጎርሰው፣ ጥይቶቹን ከአፈሙዙ በታች ባለ ቱቦ ውስጥ ይደረድራል፤ የአንዱ አፍንጫ የሌላውን ቂጥ ይነካል። ሞላው ይገፋል፣ ሲተኮስ ደግሞ የጠመንጃው ርግጫ ይመታል። የላላ እርሳስ ወደ ቀለሁ ይሰምጣል፤ ቦታው ሲጠብ ጭስ አልባው ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ይንራል። ስለዚህ የቀለሁ አፍ እርሳሱ ላይ ወዳለው ጎድጓዳ መስመር ይጫናል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይህን ነው፦ ቁንጥጫ የላላ አንገትን አያድንም። መጀመሪያ አንገቱ ራሱ እርሳሱን ጨብጦ መያዝ አለበት። ቀለሆቹም እኩል ርዝመት ይኑራቸው፤ ረዘም ያለው ሲጫኑት ትከሻው ያብጥና ጠመንጃው አይጎርሰውም።

የአፍንጫው ነገርም አለ። ሹል ከሆነ የፊተኛውን ማቀጣጠያ ሊወጋ ስለሚችል የዊንቸስተር እርሳስ ጠፍጣፋ ነው። ቱቦ ካዝና ያለው የፈረንሳዩ ለበንም ሹል እርሳስ ሲመጣለት፣ ሹሉ የሚያርፍበት ክብ ቦይ ከቀለሁ ቂጥ ላይ ተቀርጾለታል።